የኢስማዒሊያው መምህር፣ የሐረሩ ሼህና የሻይ ቤታችን ጥያቄ

መጋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር፤ ቴሌቪዥኑ የአረብኛ ዜና ያሰማል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የመን የተወለደ አያት ያለው አለ፣ ጅቡቲ የሚነግድ አጎት ያለው አለ፣ ጅዳ የምትሠራ እህት ያለችው አለ። ዜናው ስለ ሳዑዲ፣ ስለ ኳታር፣ ስለ ግብፅና ስለ «ኢኽዋን» ሲያወራ አንዱ ጓደኛችን ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ቆይ አቦ፣ እነዚህ ሁሉ ሙስሊሞች አይደሉም እንዴ? ታዲያ ምን ያናክሳቸዋል?» አለ።

ሁላችንም ለመመለስ ሞከርን፤ አንዳችንም አልቻልንም። እኔ ግን ጥያቄው አላስተኛኝ ብሎ ሳነብ፣ ስጠይቅ ከረምኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ታሪክ አንዱ ጫፍ ያለው ካይሮ ወይም ሪያድ አይደለም። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረማያን ስታልፉ፣ እዚያው ሐረር ነው ያለው።

ወደ ሐረር ከመውጣታችን በፊት ግን አንድ የግብፅ ከተማ ላሳያችሁ።

ኢስማዒሊያ እና ድሬዳዋ

ድሬዳዋ እንዴት እንደተወለደች ታውቃላችሁ። ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር ሐረር መድረስ ነበረበት፤ ተራራው ወጪውን ስላበዛው ግርጌው ላይ ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም ጣቢያው ከተማ ሆነ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ ቀጥ ያሉ መንገዶቿን በዛፍ ጥላ አልብሳ ለኩባንያው ሰዎች ተሠራች። ከደቻቱ ወዲያ መጋላ፣ ነጋዴውንና ጉልበት ሠራተኛውን ይዛ በራሷ መንገድ አደገች።

ኢስማዒሊያም እንዲሁ የኩባንያ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1863 የስዊዝ ቦይን የሚቆፍረው ኩባንያ የመሠረታት ስትሆን፣ በአንድ በኩል የአውሮፓውያኑ ቪላና የአትክልት ቦታ፣ በሌላው በኩል የግብፃውያን ሠራተኞች መኖሪያ ነበሩባት። ከዚራንና መጋላን ያየ ሰው ያችን ከተማ በዓይነ ኅሊናው ለመሣል አይቸገርም።

እ.ኤ.አ. በ1927 ሐሰን አል በና የሚባል፣ ገና ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው የአረብኛ መምህር ወደዚያች ከተማ ተመደበ። ይህ ወጣት የሚሰብከው መስጊድ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ እንደ እኛው ዓይነት ቡና ቤቶች እየገባ፣ ሰው በተሰበሰበበት ያስተምር ነበር። በዓመቱ፣ በ1928፣ ከጥቂት የቦይ ኩባንያው ሠራተኞች ጋር ሆኖ የሙስሊም ወንድማማቾችን መሠረተ። «ኢኽዋን» ማለት ወንድማማቾች ማለት ነው።

ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው ነው፦ እስልምና ሶላትና ጾም ብቻ አይደለም፤ ሕግም፣ ኢኮኖሚም፣ መንግሥትም ነው። ሀገራችን የተዋረደችው ይህንን ስለተውን ነውና ከታች ጀምረን እንገንባ። ስለዚህም ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ክሊኒክ ከፈቱ፣ ወጣቱን በስፖርት አሰባሰቡ። አባላቱን «ኡስራ»፣ ማለትም ቤተሰብ፣ በሚባሉ ትናንሽ ቡድኖች አደራጁ። መንግሥት ያልደረሰበት ሰፈር እነሱ ቀድመው ይደርሱ ነበር። «ፖለቲካዊ እስልምና» የሚባለው ነገር ትልቁ ግንድ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር እንለይ። ኢኽዋን የድርጅት ሰዎች ናቸው፤ ዓላማቸውም በኅብረተሰቡ ውስጥ አልፎ፣ በምርጫም ጭምር፣ መንግሥት መያዝ ነው። ሰለፊዎች ወይም በሌላ ስማቸው ወሃብያ የሚባሉት ትኩረታቸው የእምነት ጥራት ነው፤ የመቃብር ዚያራንና መውሊድን ይቃወማሉ፤ ብዙዎቹ ግን «ገዥህን ታዘዝ» ባዮች ናቸው። መሣሪያ ያነሱት ሌላ ናቸው፤ እነሱ ሁለቱንም ወገን ሊወጉ ይችላሉ። ሱፊዎቹ ደግሞ ዚክር፣ ጠሪቃ፣ የአውሊያ ዚያራ ያላቸው ናቸው፤ የሐረርና የአካባቢዋ እስልምና ሥሩ በብዛት ይህ ነው። አራቱን በአንድ ስም መጥራት ባቡሩን፣ ባጃጁንና ጋሪውን ሁሉ «መኪና» እንደማለት ነው።

ንጉሥ ለምን ይፈራቸዋል?

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንግባ። በግብፅ ጀማል አብዱል ናስር እ.ኤ.አ. በ1954 ኢኽዋንን ሲያሳድድ፣ ብዙዎቹ የሸሹት ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ነበር። ነገሥታቱም በደስታ ተቀበሏቸው። ናስር የነገሥታት ጠላት ነበር፤ እነዚህ ደግሞ የናስር ጠላት ነበሩ። በዚያ ላይ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ አዲስ የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች መምህር ይፈልጉ ነበር።

ወዳጅነቱ የተበላሸው በሃይማኖት ልዩነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወርና ሳዑዲ የአሜሪካን ጦር ስትጠራ ብዙ የኢኽዋን ሰዎች ተቃወሙ። ሳዑዲ ውስጥም በእነሱ ትምህርት የተቃኙ ሰባኪዎች ንጉሡን በአደባባይ መተቸት ጀመሩ። ያን ጊዜ የዙፋኑ ሰዎች አንድ ነገር ገባቸው። «ሃይማኖትን የምጠብቀው እኔ ነኝ» እያለ የሚገዛ ንጉሥ ከሶሻሊስት ይልቅ የሚያሰጋው፣ በዚያው ሃይማኖት ስም «ሕዝቡ ይምረጥ» የሚል ድርጅት ነው። ሶሻሊስቱን ከሃዲ ብሎ ያልፈዋል፤ ይህንን ምን ይለዋል?

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 የአረቡ ዓለም ሲናወጥ፣ በ2012 የኢኽዋኑ ሙሐመድ ሙርሲ በምርጫ የግብፅ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ሪያድና አቡዳቢ ደነገጡ። ሐምሌ 2013 ጦሩ ሙርሲን ሲያወርድ ሁለቱም ለአዲሱ መንግሥት ገንዘብ አፈሰሱ፤ በ2014 ኢኽዋንን በአሸባሪነት ፈረጁ። ኳታር ግን በተቃራኒው ቆመች። ትንሽ ሀገር ናት፤ ጎረቤቷ ግዙፍ ነው፤ ድምፅ የምታገኘው በአልጀዚራ ቴሌቪዥንና መጠለያ በሰጠቻቸው ሰዎች ነው። በሰኔ 2017 ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ባሕሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር ያላቸውን ግንኙነት በጠሱ፤ መንገዱንም አየሩንም ዘጉባት። የታረቁት ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ጥር 2021፣ ሳዑዲ ውስጥ በአል ዑላ ነበር።

ይህ ሩቅ መስሏችሁ ከሆነ ወደ ጅቡቲ ተመልከቱ። ኳታር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በጅቡቲና በኤርትራ ድንበር ላይ፣ በዱሜራ፣ ወታደር አስፍራ ሁለቱን ታስታርቅ ነበር። ጅቡቲ በ2017 ከሳዑዲ ጎን ቆማ ግንኙነቷን ዝቅ ስታደርግ ኳታር ወታደሮቿን ጠቅልላ ወጣች፤ ድንበሩም ወዲያው ተወጠረ። የዶሃና የሪያድ ጠብ የኛ ባቡር ወደሚያልቅበት ወደብ አጠገብ ደረሰ ማለት ነው።

የሐረር ሁለት ሼሆች

አሁን ደንገጎን እንውጣ። ዘመኑ ጣሊያን ወጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት፣ 1930ዎቹ ዓ.ም ነው። ሐረር ውስጥ ሁለት ሊቃውንት አሉ። አንደኛው ሼህ አብዱላህ አል ሐረሪ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመሻይኽ እግር ሥር ቁጭ ብለው ኪታብ የቀሩ፣ ሐዲስ ያጠኑ፣ በሻፊዒ መዝሀብና በሱፊ መንገድ የጸኑ ናቸው። ሁለተኛው ሼህ ዩሱፍ አብዱረህማን፣ ሒጃዝ ተምረው የተመለሱና የሰለፊውን አስተምህሮ ይዘው የመጡ ናቸው።

ክርክራቸው ስለ እምነት ነበር። ከተማዋ ግን በዚያን ጊዜ ሌላ ጥያቄም ነበራት። ራሷን ትገዛ የነበረች ኢማራ ነበረች፤ በ1879 ዓ.ም ጨለንቆ ላይ ተሸንፋ በምኒልክ ግዛት ሥር ገብታለች። በ1940 ዓ.ም አካባቢ ሐረሪዎች ማኅበር አቋቁመው ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር በመሆን አቤቱታቸውን ወደ ውጭ ለማድረስ ሲንቀሳቀሱ መንግሥት ክንዱን አነሣ። ብዙ ሰው ታሠረ፣ ንብረት ተወረሰ፤ ብዙ ቤተሰብም በግንብ የታጠረውን ጀጎልን ጥሎ ወደ አዲስ አበባና ወደዚህ ወደ ድሬዳዋ ተሰደደ። ሐረሪዎች ያንን ጊዜ «ክለብ» ከሚለው ቃል ተነሥተው «ኩሉብ» ይሉታል።

ቁስሉ እስከ ዛሬ ያልጠገገው እዚህ ላይ ነው። የሼህ አብዱላህ ተቃዋሚዎች «ከመንግሥት ጋር ተባብረው አሳልፈው ሰጡን» ይላሉ፤ ተከታዮቻቸው ደግሞ ይህ ስም ማጥፋት ነው ብለው ይክዳሉ። ፈራጅ አይደለሁም። የሚታየኝ ግን በሁለት ሊቃውንት መካከል ያለ የኪታብ ክርክር፣ መንግሥት እጁን ባስገባበት ቀን፣ የሁለት ሰፈር ጠላትነት መሆኑ ነው። እንግዲህ ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ።

ሐበሾቹ በቤይሩት

ሼህ አብዱላህ ከሐረር ወጡ። በሒጃዝ፣ በኢየሩሳሌምና በደማስቆ አልፈው እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ቤይሩት ገቡ። እዚያም እያስተማሩ ኖሩ፤ ደረሶቻቸው በዙ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደረሶቻቸው የኢስላማዊ በጎ አድራጎት ፕሮጀክቶች ማኅበርን ተረከቡና ትልቅ ድርጅት አደረጉት። የቤይሩት ሰው ግን በረጅሙ ስም አይጠራቸውም፤ «አል አሕባሽ» ይላቸዋል። ትርጉሙ «ሐበሾቹ» ማለት ነው። እስቲ አስቡት፦ አብዛኞቹ ሊባኖሳውያን ሆነው፣ በአንድ የሐረር ሰው ምክንያት ሐበሻ ተብለው የሚጠሩ የአረብ ንቅናቄ አባላት!

አስተምህሯቸው ግልጽ ነው። የወሃብያውን መሥራችም፣ የኢኽዋኑን ጸሐፊ ሰይድ ቁጥብንም በጥብቅ ያወግዛሉ፤ እምነታቸውን እስከ መካድ የደረሰ ፍርድም ይሰጣሉ። የሳዑዲ ሊቃውንት በበኩላቸው አሕባሽን አውግዘው ፈትዋ አውጥተዋል። አንዱ ሌላውን ከእምነት አስወጣ ማለት ነው።

ከዚያ ፖለቲካው መጣ። በወቅቱ ሊባኖስን በጦር የያዘችው ሶርያ ነበረች። ሶርያ በራሷ ቤት ዋነኛ ጠላቷ ኢኽዋን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አባል ሆኖ መገኘት በሕጓ በሞት የሚያስቀጣ ነበር፤ በ1982 ሐማ ከተማን በመድፍ ደብድባለች። እንግዲህ ሱኒ የሆነ፣ ሃይማኖተኛ የሆነ፣ ኢኽዋንን የሚጠላ፣ መንግሥት የማይገለብጥ ድርጅት ለደማስቆ ከሰማይ እንደወረደ ስጦታ ነበር። አሕባሾች በሶርያ ጥላ ሥር አደጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የሊባኖስ ፓርላማ ገቡ፤ ከዓመታት በኋላ በ2018 እንደገና መቀመጫ አገኙ። ዋጋውንም ከፈሉ፦ የማኅበሩ መሪ ሼህ ኒዛር አል ሐለቢ ነሐሴ 1995 በታጣቂዎች ተገደሉ።

ሼህ አብዱላህ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ቤይሩት ውስጥ አረፉ። ታሪኩ ግን አላበቃም።

ከራስ ሆቴል ወደ ሐረማያ

የኢትዮጵያ መንግሥት ፍርሃት ከባዶ የመነጨ አልነበረም፤ ይህንን በሐቅ ማስቀመጥ አለብን። ሰኔ 1987 ዓ.ም የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ለአፍሪካ መሪዎች ስብሰባ አዲስ አበባ ሲገቡ የግብፅ ታጣቂዎች ተኮሱባቸው። ተጠርጣሪዎቹን ያስጠለለችው ሱዳን ናት በመባሉ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ እስከ መጣል ደረሰ። በ1988 ዓ.ም ደግሞ በአዲስ አበባ ሆቴሎችና እዚሁ ከተማችን ውስጥ በራስ ሆቴል ቦምብ ፈነዳ፤ የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴንም ተተኩሶባቸው ቆስለው ተረፉ። ተጠያቂ የተደረገው አል ኢትሓድ አል ኢስላሚ የተባለው የሶማሊያ ታጣቂ ድርጅት ነበር። ያንን ጊዜ የሚያስታውስ የድሬ ሰው ፍርሃቱን ከመጽሐፍ አያነበውም።

ነገር ግን ከፍርሃቱ የተወሰደው መድኃኒት ምን ነበር? በ2003 ዓ.ም ክረምት፣ የአረቡ ዓለም በተቃውሞ እየተናጠ ባለበት ጊዜ፣ የሀገሪቱ ሙስሊሞች ምክር ቤት የሆነው መጅሊስ በመንግሥት ድጋፍ ከሊባኖስ የአሕባሽ መምህራንን አስመጥቶ ኢማሞችንና የሃይማኖት አስተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ሥልጠናው የተጀመረው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሐረር የወጣው ትምህርት ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ቤይሩትን ዞሮ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር አረፈ። ይህን ስረዳ ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

የተከተለውን ታስታውሳላችሁ። አዲስ አበባ በሚገኘው አወሊያ ትምህርት ቤት የአረብኛ መምህራን ሲባረሩ፣ በጥር 2004 ዓ.ም ተማሪዎቹ ተነሡ። ተቃውሞው በየጁምዓው ወደ አንዋር መስጊድ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። «ድምፃችን ይሰማ» ተባለ። ሕዝቡ የመረጣቸው 17 የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ያቀረቡት ጥያቄ ሦስት ነበር፦ የመጅሊሱ አመራር በምርጫ ይተካ፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ መጫኑ ይቁም፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ «ሸሪዓ ይታወጅ» የሚል የለም፤ «መንግሥት እንያዝ» የሚልም የለም። እንዲያውም የተደገፉት በራሱ በሀገሪቱ ሕገ መንግሥት፣ መንግሥትና ሃይማኖትን በሚለየው በአንቀጽ 11 ነበር።

መንግሥት ጣልቃ አልገባሁም እያለ በሐምሌ 2004 ዓ.ም የኮሚቴውን አባላት አሠረ። የመጅሊስ ምርጫው በመስከረም 2005 ዓ.ም ተካሄደ፤ ግን ሕዝቡ እንደጠየቀው በመስጊድ ሳይሆን በቀበሌ ነበር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም ፍርድ ቤቱ በፀረ ሽብር ሕጉ ከ7 እስከ 22 ዓመት እሥራት ፈረደ። እስከ 2010 ዓ.ም ባለው ጊዜ ሁሉም በየተራ ተፈቱ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም የመጅሊሱ አመራር በስምምነት ተቀየረ፤ በ2012 ዓ.ም የተወካዮች ምክር ቤት ለመጅሊሱ በአዋጅ የሕግ ሰውነት ሰጠው።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን አውጡት። በ1940 ሐረር የሆነው በ2003 ሐረማያ ተደገመ። ሱፊ መሆን ምን ነውር አለው? የአባቶቻችን መንገድ ነው። ሰለፊውም ክርክሩን በኪታብ እስካደረገ ድረስ ሐሳቡን የመናገር መብት አለው። የሚያበላሸው መንግሥት ከሁለቱ አንዱን መርጦ «የኔ እስልምና» ሲለው ነው። የተመረጠው ወገን እውነት እንኳ ቢናገር የሚሰማው ያጣል፤ ያልተመረጠውም የተበደለ ሆኖ ይገዝፋል። መሣሪያ ያነሣውን በሕግ መያዝ የመንግሥት ግዴታ ነው። ኢማም መምረጥ ግን ሥራው አይደለም።

ዜና ሲመጣ የምጠይቃቸው ሦስት ነገሮች

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የአረብ ዜና ስሰማ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። እናንተም ሞክሩት።

አንደኛ፣ ስሙ የተነሣው ቡድን ከአራቱ የትኛው ነው? ኢኽዋን፣ ሰለፊ፣ ታጣቂ ወይስ ሱፊ? ሁለተኛ፣ የሚናገረው መንግሥት በቤቱ ውስጥ የሚፈራው ማንን ነው? ሶርያ አሕባሽን የደገፈችው አስተምህሯቸውን አጥንታ ሳይሆን ኢኽዋንን ፈርታ ነው። ሦስተኛ፣ በዚህ ወዳጅነት ወደብ፣ ድንበር ወይም ውኃ የሚያገኘው ማን ነው?

በሱዳን እንፈትነው። ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም ተነሣ። ግብፅ በሀገሯ ኢኽዋንን ታሥራለች፤ በሱዳን ግን የምትደግፈው የመንግሥቱን ጦር ነው፤ ከዚያ ጦር ጎን ተሰልፈው ከሚዋጉት መካከል ደግሞ የቀድሞው የሱዳን መሪ የአል በሽር ዘመን ኢስላማውያን አሉ። ኤምሬትስ በተቃራኒው ያለውን ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ታስታጥቃለች ተብላ ትከሰሳለች፤ እሷ ግን ትክዳለች። ካይሮና አቡዳቢ በኢኽዋን ጥላቻ አንድ ናቸው፤ ሱዳን ላይ ግን ተለያዩ። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመልሰው ሲቀር ሦስተኛው ይመልሰዋል፦ ለግብፅ የዓባይ ሸለቆ፣ ደቡባዊ ድንበሯ፣ የምታውቀው ጦር ከሁሉ ይቀድማል።

ባለፈው ጁምዓ ያው ሻይ ቤት ተገናኘን፤ ይህንኑ ለጓደኛችን አወራሁለት። ካዳመጠ በኋላ፣ «እሺ፣ ሃይማኖት ሳይሆን ዙፋን ነው የሚያጣላቸው። ታዲያ መስጊዱን ማን ይጠብቀው?» አለኝ።

አዛን እየተባለ ነበር። ከጎናችን የተቀመጡት ሽማግሌ፣ እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል ያልተነፈሱት፣ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና መለሱለት፦ «የሚሰግድበት ነዋ ልጄ!» ብለው ወደ መስጊዱ አቀኑ።